የካ አባዶ፦ ልጆች የፈረዱበት ክረምት

ቴክሳስ ውስጥ ብሉቦኔት የሚባል የልጆች መጽሐፍ ሽልማት አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 የተጀመረ ሲሆን አሸናፊውን የሚመርጡት ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ናቸው። አዋቂዎች 20 መጻሕፍት ይዘረዝሩላቸዋል፤ ልጆቹ ሲያነብቡ ይከርሙና በጃንዋሪ ድምፅ ይሰጣሉ። ከ20ዎቹ ቢያንስ 5 ያላነበበ ልጅ ድምፅ የለውም።

ይህን ያወቅሁት ልጄ ዳላስ ውስጥ 3ኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ነው። አረጋውያን ከምንከባከብበት የሌሊት ፈረቃ ገብቼ ከቦርሳዋ ምሳ ዕቃዋን ሳወጣ አንድ ወረቀት አገኘሁ። ለወላጅ የተጻፈው አጭር ነበር፤ አንብቡላት፣ አብራችሁ አንብቡ፣ የትኛውን እንደምትመርጥ ግን አትንገሯት ይላል። እንቅልፍ እያዳፋኝ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ባደግሁበት ቤት መጽሐፍ ይመረጥልን ነበር፤ ወደድሽው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አላስታውስም። መምህሩ የሚጠይቀን «ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» ብሎ ነው። መልሱንም አስቀድመን እናውቀዋለን፤ መታዘዝ ጥሩ ነው፣ ስንፍና መጥፎ ነው።

ልጄ ያን ዓመት ከአምስት በላይ አነበበች። ከአባቷ ጋር እራት ላይ ስትከራከር ስሰማ፣ ስለ አንድ መጽሐፍ «መጀመሪያው ጥሩ ነው፣ ከመሃል በኋላ ግን ጸሐፊው ሰልችቶታል» አለች። ስምንት ዓመቷ ነበር። ድምፅ ሊሰጥበት እንደሆነ ያወቀ ልጅ አነባበቡ ይለወጣል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን መከታተል ጀመርኩ። ለካ የቆየ ልማድ ኖሯል። ብዙ የእኛ ሰው በሚኖርባት በሲያትል አንድ መጽሐፍ ሻጭ ባመነጨው ሐሳብ በ1940 የተጀመረ የወጣት አንባቢዎች ሽልማት እስከ ዛሬ አለ። በፈረንሳይ ከ1988 ጀምሮ ያለው ደግሞ ልጆቹን ቃል ያስገባል፤ መጻሕፍቱን ሁሉ አነብባለሁ፣ የራሴን አስተያየት እይዛለሁ፣ ለወደድኩት ድምፄን እሰጣለሁ ብለው ይፈርማሉ። ፍራንክፈርት ያለችው አብሮ አደጌ የነገረችኝ ከሁሉም በለጠብኝ። ጀርመን ከ1956 ጀምሮ መንግሥት የሚሰጠው የልጆችና የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ሽልማት አላት፤ ከ2003 ወዲህ ግን ከአዋቂ ሐያስያን ጎን ራሱን የቻለ የወጣቶች ዳኝነት ተጨምሮበታል። ከአገሪቱ የተለያዩ ከተሞች የተመረጡ ስድስት የንባብ ክበቦች መጻሕፍት ይጠቁማሉ፣ አሸናፊም ይለያሉ። ውጤቱ በኦክቶበር በፍራንክፈርት የመጽሐፍ ዐውደ ርዕይ ላይ ከአዋቂዎቹ ጋር በአንድ መድረክ ይነገራል። ልጆቹ የጠቆሙት ከአዋቂዎቹ ይለያል ወይ ብዬ ብጠይቃት «ብዙ ጊዜ» አለችኝ።

ባለፈው ክረምት ልጄን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ወንድሜ የሚኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከመገናኛ ታክሲ ተይዞ የሚደረስበት የከተማዋ ጠርዝ፣ ከዚያ ወዲያ ለገጣፎ ነው። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ልጆቹ ደረጃው ላይ ይደረደራሉ፤ ሲያባራ ኮብልስቶኑ ላይ ኳስ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተመልሰው ደረጃው ላይ። ስልክ ያለው ልጅ በዙሪያው አምስት አንገት ይሰበሰብበታል። ብሎክ ለብሎክ እየዞርኩ ብጠይቅ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ የልጅ መጽሐፍ ያለበት ቤት ጥቂት ነው። ወላጆቹ ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም፤ ከኑሮ የሚተርፍ ገንዘብ የለም፣ መጽሐፉም የሚሸጠው መሃል ከተማ ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ትልቅና ያማረ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ከየካ አባዶ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻውን አይሄድበትም።

እዚህ ላይ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን ሳላነሣ አላልፍም። በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረ፣ ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ የተመለሰ፣ በፈረንጆች 2003 ሾላ ላይ በገዛ መኖሪያው የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈተ ሰው ነው። በኋላም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት በሐዋሳ አስጀምሯል። ከውጭ የምንመጣ ሰዎች ሻንጣችንን በጫማና በሽቶ ስንሞላ እርሱን ብናስብ እወዳለሁ።

ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢና ከአራት ኪሎ መጽሐፍ ሻጮች አሥር የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት፣ እያንዳንዱን በሁለት በሁለት ቅጂ ገዛሁ። ወንድሜ ከኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ጋር ተነጋግሮ ኮሚናሉን፣ የነዋሪዎቹን የጋራ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ አስፈቀደልን። ልጄ የዳላሱን ሕግ ለልጆቹ በተሰባበረ አማርኛዋ አስረዳቻቸው፤ ከአሥሩ አምስት ያላነበበ አይመርጥም፣ ማን ምን እንደመረጠ አይታይም። ደብተር ተሰመረ፤ ስም፣ መጽሐፍ፣ የወሰደበት ቀን፣ የመለሰበት ቀን።

የመጀመሪያው ሙግት ከልጆቹ ነው የተነሣው። አንዲት ገና ፊደል የምትቆጥር ሕፃን ታላቅ እህቷ እያነበበችላት አምስቱን ጨርሻለሁ አለች። የሰማ እንዳነበበ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? እኔ ዝም አልኩ። ሲጨቃጨቁ ቆዩና አንዱ «ከነገረችን ትምረጥ» አለ። ተነሥታ አምስቱንም ታሪክ ተረከችላቸው፤ አንዱን እንዲያውም እንደ ጅብ ድምፅዋን አጎርንና። ተፈቀደላት። ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚነገርበት አንድ ልጅም ለአማርኛው ንባብ ጓደኛ ተመደበለት፤ ጓደኛው ሲያነብ እርሱ አልፎ አልፎ ለታናሹ በአፋን ኦሮሞ ይመልስለታል። በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩ ውስጥ የአፋን ኦሮሞ መጻሕፍትም እንዲገቡ የጠየቁት እነዚህ ልጆች ናቸው፤ ልክ ናቸው።

ሁለተኛው ሙግት ከአዋቂዎች መጣ። በብሎኩ የሚከበሩ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ኮሚናሉ በር ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ የሚያስቃቸውን እንጂ የሚጠቅማቸውን አይመርጡም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ገብተው ይስሟቸው» አልኳቸው።

ገቡ። ያን ዕለት ልጆቹ ስለ አንድ ወፍራም ወረቀት ላይ ስለታተመ፣ ቀለሙ ስለሚያምር መጽሐፍ እያወሩ ነበር። እኔ ሳየው የገዛሁት በደስታ ነው። አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ተነሣና «ሥዕሉ ያምራል፤ መጨረሻው ላይ ግን ይቆጣናል» አለ። «ማን ነው የሚቆጣህ?» አሉት መምህሩ። «መጽሐፉ። እኔ ምንም ሳላጠፋ ይመክረኛል።» ሌላዋ ተቀበለች፤ «እናትየዋ ከወጥ ቤት አትወጣም። የኔ እናት ሥራ ውላ ማታ ነው የምትመጣው።» አንዱ ከኋላ ደግሞ እንዲህ ጠየቀ፦ «የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ኮንዶሚኒየም የለም እንዴ? ሁሉም ገጠር ነው።» መምህሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በኋላ መዝገቡን የሚይዙት እሳቸው ሆኑ።

የአገራችንን የልጆች መጽሐፍ የሚያዘጋጁትን አልወቅስም። በራሳቸው ገንዘብ አሳትመው፣ ራሳቸው ተሸክመው የሚያዞሩ ብዙ ናቸው። የሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የልጆች መጻሕፍትን እንደ አንድ ዘርፍ ማካተቱም ትልቅ ነገር ነው። የሚጎድለው የልጁ ቃል ነው። ደራሲው አዋቂ፣ አሳታሚው አዋቂ፣ ገዢው አዋቂ፤ እናት ገዝታ ስትሰጥ ልጁ አመሰገነ እንጂ ሰለቸኝ አይልም፣ ነውር ነዋ። ስለዚህ መጽሐፉ ልጁን የት ላይ እንደጣለው ለደራሲው የሚደርስበት መንገድ የለም።

የቡሄ ሰሞን ንባቡ ላላ። ሆያ ሆዬ ልምምድ ላይ ናቸው፣ ዱላ ሲመርጡ ይውላሉ። አላስገደድኳቸውም። ከነሐሴ 13 በኋላ ቅዳሜ ድምፅ ተሰጠ። የዘይት ካርቶን ላይ ቀዳዳ ተበጀለት፣ ጥግ ላይ ነጠላ ተጋረደ። የአንዱ ልጅ እናት በፍቅር ጠጋ ብለው «ምክር ያለውን ጻፍ እሺ፣ የኔ ጌታ» ሲሉት ልጁ ቀና ብሎ «እማዬ፣ አምስት አንብበሻል?» አላቸው። ሳቁና ወጡ።

በሰፊ ልዩነት ያሸነፈው ከሁሉም ቀጭኑ፣ ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ የሆነው ነው። ሱቅ ተልኮ መልሱን የጣለ ልጅ ታሪክ። ልጁ ሳንቲሙን ሲፈልግ ይመሻል፤ ታሪኩ እቤቱ በር ላይ ሲደርስ ያልቃል፣ ተገረፈ አልተገረፈ አይነግረንም። እኔ ብሆን አልመርጠውም ነበር። እነርሱ ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ ስለሚሆነው ለቀናት ተከራክረውበታል፤ የየራሳቸውን እናት እያሰቡ ይመስለኛል።

መጽሐፉ ጀርባ ላይ የደራሲው ስልክ ታትሟል። ውጤቱ በታወቀ ማግስት መምህሩ ደወሉ፤ ስፒከር ላይ አደረጉት። ደራሲው መጀመሪያ አላመነም፣ ማን ነው የሚቀልድብኝ ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ ባንድ አፍ ሲያንጫጩበት ጊዜ አመነ። ሽልማት የምንለው ልጆቹ የሣሉት አንድ ትልቅ ካርድ ብቻ እንደሆነ ነገርነው። አመሰገነ፣ ባረካቸው፣ ከዚያም እኔ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ አመጣ።

«ያልወደዳችሁት የቱን ነው?»

ኮሚናሉ ተያየ። መምህሩ በእጃቸው ተናገሩ አሉ። ያ የ5ኛ ክፍሉ ልጅ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ፤ «ጋሼ፣ መሃል ላይ አባትየው ምክር ሲጀምር በጣም ይረዝማል። እኛ ዘለልነው።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም!»

«ቆይ፣ ቆይ፣ እስክሪብቶ ላምጣ» አለ ደራሲው። ሲመለስ የገጹን ቁጥር ጠየቀ፤ ልጁም መጽሐፉን ከመምህሩ እጅ ተቀብሎ መግለጥ ጀመረ።