የ500 አምፔሩ ብሬከር

ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ትራንስፎርመሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ስላስቸገረ፣ እኔና አንድ ወጣት ኤሌክትሪሻን እንድናየው ተጠራን። ትራንስፎርመሩ 15 ኪሎ ቮልትን ወደ 400 ቮልት የሚያወርድ፣ ባለ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር፣ ማለትም 200,000 ቮልት አምፔር አቅም ያለው ነው። ጭነቱ ሳይበዛ እንዳልቀረ ስንናገር ባለቤቱ፣ «ብሬከሩ አንድ ቀን እንኳ ቆርጦ አያውቅም፤ ታዲያ በምን በዛ ትሉኛላችሁ?» ሲሉ ተከራከሩ።

ብሬከሩ፣ ማለትም ከረንቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ የሚቆርጠው ማብሪያ፣ ባለ 500 አምፔር ነበር። የመረጠው ባለሙያ 200,000ን ለ400 አካፍሎ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ይህ ስሌት ለአንድ ፌዝ ቢሆን ትክክል ነው። በ3 ፌዝ ግን ቮልቴጁ አስቀድሞ በ1.732 መባዛት ስላለበት የትራንስፎርመሩ ገደብ 289 አምፔር ብቻ ነው። የሚገርመው፣ የስም ሰሌዳው ላይ የተከመረውን ዱቄት ስንጠርግ 288.7 የሚል ቁጥር ተጽፎ አገኘነው።

ወፍጮዎቹ በሙሉ ሲሠሩ ክላምፕ ሜትሩ (ሽቦውን አቅፎ ከረንት የሚለካው መሣሪያ) በየፌዙ 350 አምፔር ያህል አሳየ። ትርፉ 21 በመቶ ቢሆንም፣ በትራንስፎርመሩ የሽቦ ጥቅልል ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ጭማሪው ወደ 47 በመቶ ይደርሳል። በ15 ኪሎ ቮልት በኩል ያለው የ20 አምፔር ፊውዝም አያስጥልም፤ ትራንስፎርመሩ ሲበራ ለቅጽበት የሚስበውን ከፍተኛ ከረንት እንዲችል ተብሎ ሰፋ ተደርጎ የሚመረጥ፣ ሥራውም ሾርት ሲፈጠር መቁረጥ በመሆኑ፣ በዚያ ሰዓት የሚያልፍበት 9.3 አምፔር ምንም አይመስለውም። በዚህም ላይ በዘይት የሚቀዘቅዝ ትራንስፎርመር የሙቀት ገደቡ የሚወጣለት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ400 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። በእኔ አስተያየት 289 ራሱ እዚያ ድረስ የሚሞላ ቁጥር አይደለም።

ስለዚህ መቁረጫው የሚስተካከል ባለ 400 አምፔር ብሬከር አስገብተን በ0.7 ላይ አደረግነው፤ 280 አምፔር መሆኑ ነው። ባለቤቱ አንዱን ወፍጮ ወደ ማታ ፈረቃ ማዛወር ግድ ስለሆነባቸው ቅር ቢላቸውም፣ ባለ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ለመግዛት ወሰኑና፣ «አሮጌው ብሬከር ለእሱ ይሆናል?» ብለው ጠየቁን።

ወጣቱ በስልኩ አሰላና፣ «አይሆንም ሐጂ፤ የሱ ገደብ 455 ነው» አላቸው።