አዝማቹን ቀድሜ ስጽፍ

ዘፈን ስጽፍ ሁሌም ከመጀመሪያው ቤት ነበር የምነሳው። ታሪኩን እጨርስና አዝማች ፍለጋ እገባለሁ። በመጨረሻው ዘፈኔ ግን ነገሩን ገለበጥኩት። አዝማቹን ቀድሜ ጨረስኩ፤ ቤቶቹን ለእሱ ብዬ ጻፍኳቸው።

መጀመሪያ የመጣልኝ ስንኝ «በሩን ከፍቼ ጠበቅኩህ» የሚል ነበር። ሲያነቡት ምንም አይልም። ሲዘፍኑት ግን «ህ» ላይ ድምፅ ያልቅና ትንፋሽ ብቻ ይቀራል። አዝማች ላይ ዜማው ከፍ ይላል፣ ኖታው ይረዝማል፤ ስለዚህ አፍ የሚያስከፍት ፊደል ይፈልጋል። ስለዋውጠው ቆይቼ እዚህ ደረስኩ፦

በሩ ክፍት ነው፣ ና
መብራቱም አልጠፋ ገና

«ና»ን እስከፈለጉት ድረስ መጎተት ይቻላል። አሁን የአዝማች ስንኝ እንደ «ህ» ባለ ሳድስ ፊደል ሲያልቅብኝ ቆም ብዬ ጮክ ብዬ እሞክረዋለሁ። ሁልጊዜ አልቀይረውም። ቆረጥ ቆረጥ ባለ ምት ላይ ሳድስ እንዲያውም ያምራል።

ዜማው ብዙ አላስቸገረኝም። ቤቶቹ ዝቅ ብለው ቃል ይበዛባቸዋል፣ አዝማቹ ከፍ ብሎ ቃል ያንሰዋል። አለቀ።

ከባዱ ሌላ ነው። አዝማቹ ሦስት ጊዜ ይመለሳል፣ ቃሉም አይቀየርም። ታዲያ አድማጭ ሦስተኛውን ምን ብሎ ይሰማል? እኔ የደረስኩበት መልስ፣ ትርጉሙን የሚቀይሩት ቤቶቹ ናቸው የሚል ነው። በመጀመሪያው ቤት ሰውዬው ገና መሄዱ ነው፤ ክፍት በር ተስፋ ነው። በሁለተኛው ጎረቤት ማማት ጀምሯል፤ ያው በር እልህ ይሆናል። በሦስተኛው ሴትየዋ ራሷ ሻንጣዋን ይዛ ወጥታለች። በሩ ክፍት ነው፣ መብራቱም አልጠፋም፤ ቤት ውስጥ ግን ማንም የለም። አንድም ቃል ሳልነካ!

ስለ ሰውዬው እናት የጻፍኩት ቤትም ነበር። ከሁሉም በግጥሙ እሱ ይበልጥ ነበር ማለት እችላለሁ። ግን ከእሱ በኋላ አዝማቹ ሲመጣ ከመጀመሪያው ምንም አይለይም። አወጣሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሁሉም ዘፈን ራሱን የቻለ አዝማች ይፈልጋል እያልኩ አይደለም። በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ ዘፈን «የስተርደይ» የለውም። የርዕሱ ቃል በየቤቱ እየተመለሰ ሥራውን ይሠራል። እነሱው በ1963 ያወጡት «ሺ ላቭስ ዩ» ደግሞ ገና ሲጀምር በአዝማቹ ነው። ይህን እኔም ሞከርኩ፤ አልሆነም። የእነሱ አዝማች ወሬውን ራሱ ነው የሚነግረን። የእኔን ግን የመጀመሪያውን ቤት ያልሰማ ሰው «ማን ነው ና የሚባለው?» ይላል። ስለዚህ መግቢያው ላይ የአዝማቹን ዜማ ለጊታር ብቻ ሰጠሁት።

ከአቀናባሪው ጋር የተከራከርነው መጨረሻው ላይ ነው። እሱ ተቀባዮቹ አዝማቹን እየደጋገሙ ዘፈኑ ቀስ በቀስ እንዲጠፋ ፈልጎ ነበር። ሞቅ ይላል፣ ልክ ነው። ግን ሴትየዋ ወጥታ ሄዳለች፤ ተቀባዮቹ «ና» የሚሉት ለማን ብለው ነው? አንዴ ብቻ ዘፍነው አቆሙ።