ጓንግጃንግ ገበያ፦ ማሾ፣ ሰናፍጭና ጥሬ ሥጋ

ሴኡል የገባሁት በጥር ብርድ ነው፤ ጆሮ ይቆርጣል። የሜትሮውን አንድ ቁጥር መስመር ይዤ ጆንግኖ 5-ጋ ወረድኩና ጓንግጃንግ ገበያ ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ1905 የተቋቋመ ገበያ ነው። ጨርቃጨርቁ ዛሬም አለ፣ እኔን የጎተተኝ ግን የጥብሱ ጭስ ነው።

አግዳሚው ላይ ቁጭ ከማለቴ ከሥሬ ሞቀኝ። ደነገጥኩ። ለካ መቀመጫው በኤሌክትሪክ ይሞቃል! ከዚያ በኋላ ማን ያስነሳኛል።

መጀመሪያ ያዘዝኩት በየድራማው ያየሁትን ቶክቦኪ ነው። ከሩዝ ዱቄት የተሠራ፣ ጣት የሚያክል፣ ሲያኝኩት የሚለጠጥ ነገር ቀይ ስጎ ውስጥ ይንተከተካል። ቀለሙን ያየ ዶሮ ወጥ ነው ብሎ ይምላል። አፌን ለበርበሬ አዘጋጅቼ ጎረስኩ፤ ስኳር! ማቃጠሉ ኋላ ነው የሚመጣው፣ እሱም ለእኛ ሰው ቀልድ ነው። ግማሹን ተውኩት። በወረቀት ኩባያ የሰጡኝን የዓሣ መረቅ ግን ሁለቴ አስቀዳሁ።

ቢንዴቶክ ሌላ ነው። የተነከረ ማሾ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል፣ ከቡቃያ ጋር ይለወስና ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። ሻጯን ደንበኛው ሁሉ «ኢሞ» ይላቸዋል፣ አክስቴ እንደማለት። እኔም «ኢሞ፣ ድዌጂ?» አልኳቸው፣ አሳማ አለው ወይ ለማለት። እጃቸውን አወናጨፉ፣ የለውም። ከዚያ በመቀስ ቆራርጠው ሰጡኝ። አዎ፣ በመቀስ። አጠገቡ የተቆለለውን ሱንዴ አልጠየቅኩም፤ ደም የተሞላ የአሳማ አንጀት መሆኑን አውቄው ነበር። ትንንሿ ኪምባፕ (በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ) የምትጠቀስበት ሰናፍጭ ደግሞ አፍንጫ ትሰነጥቃለች፣ ልክ እንደ ፆም በያይነቱ ሰናፍጭ።

ዩክዌ የሚሸጥበት ጠባብ መንገድ ስገባ ግን ሆዴ ባባ። በቀጫጭኑ የተቆረጠ ጥሬ የበሬ ሥጋ፣ በሰሊጥ ዘይት የታሸ፣ ከሥሩ ፒር የሚባለው ፍሬ፣ ከላዩ የእንቁላል አስኳል። ስንት አገር ስንቱ «ጥሬ?» ብሎ አፍጦብኛል! እዚህ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ግን ቀዝቃዛ፤ ቅቤ የለ፣ ለብ ማለት የለ። ሚጥሚጣዬ ደግሞ ሆቴል ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል።

በማግስቱ በሶፍት ጠቅልዬ ይዤው ተመለስኩ።