ፌስታሉ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር

የደም ካንሰር የያዘኝ በ2006 ዓ.ም ነው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ። ሦስት ዓመት ገደማ ታክሜ ዳንኩ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሕጉ አንድ ነበር፦ «ተመስገን በይና አርፈሽ ተቀመጪ።» ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ የጓደኞቼን ሹራብ ይዤ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ግን በ19 ዓመቴ ዶርም ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆሜ ማረፍ ነበረብኝ።

እግሬም ችግር ነበረበት። ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ይቀራል፣ እኔ አላውቅም። ሰው ከኋላ ሲጠራኝ ነው የማየው። ለካንሰሩ የወሰድኩት ቪንክሪስቲን የሚባለው መድኃኒት የእግር ነርቭ ይጎዳል። ጣት ይደነዝዛል፣ የእግርን ጫፍ ማንሳት ያቅታል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስፖርት ልጀምር ስል አንዲት ሐኪም ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ዶክሶሩቢሲን በድምሩ ስንት ወስደሻል?» ቀዩን መድኃኒት ማለቷ ነው። የወሰደ ሰው ያውቀዋል፣ ሽንት ሳይቀር ቀይ ይሆናል። የልብን ጡንቻ ሊያደክም ይችላል፤ ጉዳቱ ከብዙ ዓመት በኋላም ብቅ ሊል ይችላል። ድምሩ በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 250 ሚሊግራም ከደረሰ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። ከ100 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው። «ካርድሽን አምጪና እንደምረው» አለችኝ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የታከምኩበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሄድኩ። «ዛሬ ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ።» በማግስቱ የድሮ ካርድ መጋዘን ገብቷል፣ ቁልፍ የያዘው ሰው ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው። በሦስተኛው ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። አመጣሁ። ማኅተም የለውም ተባልኩ። አስመትቼ በአምስተኛው ቀን ስመለስ በመስኮቱ ያለው ሰውዬ ደብዳቤውን አገላብጦ አየና «እህቴ፣ ድነሻል አይደል? ታዲያ ካርዱ ምን ይሠራልሻል?» አለኝ።

«እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ያ «እሺ» እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልቤ ላይ ምን እንደፈሰሰ የተጻፈው እዚያ ካርድ ላይ ነው። የዳነ ሰው ነው እኮ ወረቀቱን የሚፈልገው! ይህን ልነግረው ይገባ ነበር። አልነገርኩትም። አራት ወር ሙሉ ወደዚያ ዝር አላልኩም፣ ስፖርቱንም ተውኩት። ታክሲ ለመያዝ ትንሽ ከሮጥኩ እጄ ደረቴ ላይ ነው።

አንድ ቀን እናቴ «ምነው ጠዋት ጠዋት እነሣለሁ ያልሽው ቀረ?» አለችኝ። ነገርኳት። ምንም አልተናገረችም። ወንበር ጎትታ ወጣችና ከቁም ሳጥኑ ላይ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ ፌስታል አወረደች። የመድኃኒት ማዘዣ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር። ቀዩ የተሰጠኝ ቀን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ቀኑ፣ ኪሎዬ፣ ከሥሩ «አስመለሳት»፣ «ውሃ ብቻ ጠጣች»።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅሽኝና።»

እውነቷን ነው። ስለዚያ በሽታ ቤታችን አይወራም። እኔ እሷን እንዳላስከፋ፣ እሷም እኔን እንዳታስከፋ ዝም ተባብለን ኖርን። አምስት ቀን ካርድ ክፍል ከመቆሜ በፊት ወጥ ቤት ገብቼ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ይበቃኝ ነበር።

ሐኪሟ ማዘዣውንና ደብተሩን አስተያይታ ደመረችው። 75 ሆነ፣ ከ100 በታች። የልብ አልትራሳውንድ ተነሣሁ፣ ደህና ነው።

ሌላው ቀላል ነው። በቀን ስምንት ደቂቃ በእግር ጀመርኩ። በሳምንት 150 ደቂቃ የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለጀማሪ አትንገሩት ባይ ነኝ። እኔ ቁጥሩን ስሰማ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ መስቀል አደባባይ ደረጃ መውጣት ጀመርኩ። በሳምንት ሁለት ቀን ቁጭ ብድግ እሠራለሁ፣ ያኔ የወሰድኩት ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት አጥንት ያሳሳልና። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ባለ ማሰሪያ ጫማ ግድ ነው። ማታ ማታ እግሬን አገላብጬ አያለሁ፤ የደነዘዘ ጣት ቢቆስልም አይናገርም። እየሄድኩ ማውራት ካቃተኝ እቀንሳለሁ። ደረት የሚወጋ ወይም ራስ የሚያዞር ነገር ከመጣ ግን ቆሞ ወደ ሐኪም ነው።

«አትድከሚ» የሚሉ ሐኪሞች አሁንም አሉ። ልቤን ሳያዩ እንዲህ ያሉኝን አልሰማም። አይቶ የሚለኝን እሰማለሁ።

ልጃችሁ አሁን ሕክምና ላይ ከሆነ እያንዳንዱን ማዘዣ ዛሬውኑ ፎቶ አንሡት። ሕክምናው ሲያልቅ የመድኃኒቱን ድምር በጽሑፍ፣ ከነማኅተሙ፣ ሳትቀበሉ ከግቢው አትውጡ። ፌስታሉ አሁን እኔ ጋ ነው። ደብተሩን ገጽ በገጽ በስልኬ አንሥቼ ለወንድሜም ልኬለታለሁ።