ሳጥበው የጠፋኝ ፒ-ሴሌክቲን

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀለም ያላወጣ ሳህን ሳይ ከረምኩ። ፒ-ሴሌክቲን በደም ስር ግድግዳ ላይ የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ደም ይዞት የሚያልፈውን ነጭ የደም ሕዋስ በላዩ ባለው ስኳር ይዞ ያዘገየዋል። ስኳሩ ሲያሊል ሉዊስ ኤክስ ይባላል፤ አራት ስኳሮች የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት ሲሆን ሲያሊክ አሲድ ጫፉ ላይ፣ ፉኮስ ደግሞ በጎን አለበት። ስኳሩን በሳህኑ ጉድጓዶች ላይ አጣበቅኩ፣ ፕሮቲኑን ጨመርኩ፣ ሦስት ጊዜ አጠብኩ፣ ከዚያ ፕሮቲኑ ካለ ቀለም በሚያወጣ ፀረ እንግዳ አካል ፈለግኩት። ምንም የለም። ፕሮቲኑ ተበላሽቷል ብዬ አዲስ አስመጣሁ፤ እሱም ያው ሆነ።

የመጀመሪያው ስህተት የተገኘው ማጠቢያው ውስጥ ነው። ሴሌክቲን (ፒ-ሴሌክቲን ያለበት የፕሮቲን ቤተሰብ) ያለ ካልሲየም አይይዝም። ካልሲየሙ ፕሮቲኑ ላይ ይቀመጣል፣ የፉኮስ ሁለት ሃይድሮክሲሎች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች) ደግሞ በቀጥታ እሱን ይጨብጣሉ። እኔ የተጠቀምኩበት ማጠቢያ ኢዲቲኤ ነበረበት፤ ኢዲቲኤ ካልሲየምን ነጥቆ ይወስዳል። ባጠብኩ ቁጥር መያዣውን ራሱን እየፈታሁ ነበር ማለት ነው። ፎስፌት ያለበትንም ፈሳሽ ተውኩ፣ ካልሲየምን ስለሚያዘቅጥ፤ በምትኩ ሄፔስ በሚባል፣ ፎስፌት በሌለበት ፈሳሽ ላይ 2 ሚሊሞላር ካልሲየም ጨመርኩ። (ይህ ለሁሉም ስኳር ያዥ ፕሮቲን አይሠራም። ጋሌክቲኖች ጋላክቶስን ለመያዝ ካልሲየም አይፈልጉም።)

ቀለሙ አሁንም አልመጣም። እዚህ ጋ ነው ብዙ የተማርኩት። ፒ-ሴሌክቲን ሲያሊል ሉዊስ ኤክስን ብቻውን ሲያገኘው የሚይዘው እጅግ ላላ አድርጎ ነው፤ የመያዝ አቅሙ የሚለካው በሚሊሞላር ነው፣ ማለትም ለመያዝ ብዙ ስኳር ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የክሪስታል ምስል ምክንያቱን ያሳያል። ነጭ የደም ሕዋስ ላይ ያለው ትክክለኛ ተያዥ ፒኤስጂኤል-1 የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ከስኳሩ አጠገብ ሰልፌት የተጨመረባቸው ታይሮሲኖች (የፕሮቲኑ አሚኖ አሲዶች) አሉት፤ ፒ-ሴሌክቲን ሁለቱንም አንድ ላይ ይጨብጣል። እኔ ግማሹን ብቻ ነበር ሳህኑ ላይ ያስቀመጥኩት። ሙሉው ሲቀርብለት እንኳ አንዱ ትስስር ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይለቃል። ደጋግሞ ማጠብ የሚያሳየው ሳይለቅ የሚቆየውን ብቻ ነው፤ ሴሌክቲን ደግሞ ሥራው ቶሎ መያዝና ቶሎ መልቀቅ ነው።

ስለዚህ ሳህኑን ትቼ ወደ ፍሰት ክፍል ዞርኩ፤ ፈሳሽ በመስታወት ላይ የሚያልፍበት ትንሽ መሣሪያ ነው። መስታወት ላይ ፒ-ሴሌክቲን አስቀመጥኩ፣ ከደም የለየኋቸውን ኒውትሮፊሎች (የነጭ የደም ሕዋስ ዓይነት) በፓምፕ በቀስታ አሳለፍኩ፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አየሁ። ሕዋሶቹ መስታወቱ ላይ ይንከባለላሉ፤ ከፊት አዲስ ትስስር ይይዛል፣ ከኋላ አሮጌው ይለቃል። ቆመው አይቀሩም፣ ተጠርገውም አይሄዱም። ኢዲቲኤ ስጨምር ወዲያው ለቀው ከፈሳሹ ጋር ሄዱ። ሲያሊክ አሲዱን በኢንዛይም የቆረጥኩባቸው ደግሞ መንከባለል አልቻሉም፤ ካልሲየምና ፉኮስ እንዳሉ ናቸው፣ የጎደለው አንድ ስኳር ብቻ ነው። ለእኔ ፕሮቲኑ ስኳሩን ይለያል የሚለው ሐሳብ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ጉዳዩ ልቤን የሚነካው በበሽታው ምክንያት ነው። ፉኮስን ወደ ጎልጂ (ሕዋሱ ውስጥ ስኳሮች ወደሚገጣጠሙበት ክፍል) የሚያስገባው አጓጓዥ የተበላሸባቸው ልጆች አሉ። ደማቸው በነጭ ሕዋስ ይሞላል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ይመላለስባቸዋል፤ ሕዋሶቹ ግድግዳውን ይዘው መውጣት አይችሉምና። ለአንዳንዶቹ በአፍ የሚወሰድ ፉኮስ ረድቷቸዋል።

አሁን ማንኛውንም የስኳር ሙከራ ስጀምር ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን አደርጋለሁ፦ አንዱ ካልሲየም ያለው፣ ሌላው ኢዲቲኤ የተጨመረበት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ውጤት ከሰጡኝ፣ ስለ ሴሌክቲን ምንም ከማለቴ በፊት ማጠቢያዬን እመረምራለሁ።