ሞተሩ ሳይሞቅ

ዛሬ ማለዳ ቁልፉን ከፈት አድርጌ የካንዴሌታዋ (የሞተሩ ማሞቂያ) ቢጫ መብራት እስኪጠፋ ስጠብቅ፣ ይህችን መኪና ከገዛሁ ሁለት ዓመት መሙላቱ ትዝ አለኝ። መብራቷ የምትቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው። ስለናፍጣ መኪና ከማውቀው አብዛኛውን የተማርኩት ግን በእነዚያ ሰከንዶችና ቀጥሎ ባለው አንድ ደቂቃ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ልገዛ የነበረው ይህችን አልነበረም። ያቺኛዋ ቀለሟ የሚያበራ፣ ወንበሯ ያልተጎዳ፣ ሃያ ዓመት ያለፋት የማትመስል ነበረች። ሻጩ «ሞተሯ ወርዶ አያውቅም» አለኝ። ቁልፉን ነካ ሲያደርገው ወዲያው ተነሳች። ልቤ እዚያው ቀረ። ለመካኒኬ ደውዬ በደስታ ስነግራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ስትደርስ ኮፈኑን በእጅህ ነክተኸዋል?»

«አልነካሁም ጋሼ።»

«እንግዲያው ልጄ፣ ሞቃ ከጠበቀችህ አላየሃትም። ሲነጋ ሂድ፤ ማንም ሳያስነሳት።»

ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ሲያስረዱኝ ነው። የቤንዚን ሞተር እሳት የሚለኩስለት ካንዴላ አለው። የናፍጣ ሞተር የለውም። የሳበውን አየር ከመጠኑ ወደ 20ኛ እጅ ገደማ እስኪያንስ ያምቀዋል፤ አየሩ በመታመቁ ብቻ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል፤ ናፍጣው እዚያ ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አስነስቶ ካሳየው ሞተር ጀምሮ መሠረቱ ይኸው ነው። ካንዴሌታም ለቀዝቃዛ ሞተር ቀድሞ ሙቀት የሚያቀብል እንጂ እንደ ካንዴላ በየዙሩ እሳት የሚለኩስ አይደለም። እንግዲህ ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ማጥበቂያ ቀለበት) ከተበላ ወይም ቫልቩ (አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት በር) አጥብቆ ካልገጠመ የታመቀው አየር ያመልጣል፣ ግለቱም ይጎድላል። ሞተሩ ሞቆ ከሆነ ይህ ሁሉ ይሸፈናል። ሌሊቱን ያደረ ብረት ግን ያቺኑ የጎደለች ሙቀት ስለሚሻማት ምንም አይደበቅም።

በማግስቱ ሲነጋ ሄድኩ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ደጋግሞ ዞረ፤ ባትሪው ሊደክም ሲል እያንገራገረች ተነሳች፤ ጓሮው በነጭ ጭስ ተሞላ። ዓይን የሚያቃጥል፣ ያልነደደ ናፍጣ የሚሸት ጭስ ነበር። ለደቂቃዎች አልጠራም። ትቻት ስመለስ በጣም አዝኜ ነበር።

የአሁኗን ያገኘሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቀለሟ የደበዘዘ፣ የሾፌሩ ወንበር ጨርቅ የተቀደደ። ኮፈኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ የሌሊቱ ቅዝቃዜ አለበት። መብራቷ ጠፋች፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ሦስቴ ያህል ዞራ ተነሳች። ትንሽ ጭስ ብን አለና ጠራ። መካኒኩ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈቱና ገልብጠው ቀዳዳው ላይ አስቀመጡት። ክዳኑ እዚያው ቦታው ላይ ቀለል ብሎ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ተገፍትሮ አልወደቀም። ፋሻው ቢበላ ኖሮ ከታች የሚመጣው ግፊት ያሽቀነጥረው ነበር አሉኝ። የራዲያተሩ ውኃ ላይ የዘይት አረፋ የለም። ዘይቱ ጥቁር ነው፣ እሱ ግን አያስደነግጥም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ በጥላሸት ይጠቁራል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። የቀድሞው ባለቤት ከዳሽቦርዱ ኪስ አንድ ደብተር አውጥተው ሰጡኝ። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ኪሎሜትሩ፣ ፊልትሮው፣ ሁሉም በእርሳስ ተጽፏል። የኪሎሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ለዓመታት በተለያየ እርሳስ፣ አንዳንዴ በቸኮለ እጅ የተጻፈ ደብተርን ግን በአንድ ሌሊት ማዘጋጀት ከባድ ነው። ገዛኋት።

እንደገዛሁ ዘይቱን፣ ፊልትሮዎቹን፣ የራዲያተሩን ፈሳሽ ቀየርኩ። ዘይት ስገዛ ጣሳው ላይ በኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ምድብ «ሲ» ከሚለው ፊደል የሚጀምር ምልክት መኖሩን አያለሁ፤ ለናፍጣ ሞተር የተዘጋጀው እሱ ነው። የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማውን የታይሚንግ ቤልትም አስቀየርኩ። ደብተሩ ላይ የተቀየረበት ቀን ነበር፤ ሆኖም የቤልቱ ጎማ በኪሎሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይደርቃል፣ ከተበጠሰ ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በዚህ ላይ መቆጠብ ልክ አይመስለኝም።

በየወሩ ደግሞ የናፍጣ ፊልትሮውን የታች መክፈቻ ላላ አድርጌ ጥቂቱን በጠርሙስ እቀበላለሁ። ውኃ ካለ ከናፍጣው ሥር ለብቻው ይተኛል፤ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ሲያነሱት መለያያው መስመር ጥርት ብሎ ይታያል። የፖምፓው (የናፍጣ መግፊያው) እና የኖዝሎቹ (የናፍጣ መርጫዎቹ) ውስጣዊ ብረቶች ለስልሰው የሚሠሩት በራሱ በናፍጣው ነው፤ ውኃ ከገባ ያዝጋቸዋል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ የማይሠራው ሰው ብዛት ያሳስበኛል።

አምና ግን ለሁለት ወር ያህል ፈተነችኝ። ማለዳ ወዲያው ትነሳለች፣ አምስት ስድስት ሰከንድ ትሠራና ትጠፋለች። ከዚያ ሞተሪኖውን ረጅም ጊዜ ካላዞርኩ አትነሳም። ቀን ላይ ምንም የለባትም። ካንዴሌታዎቹ ናቸው ብዬ አራቱንም ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። አንድ ጋራዥ ፖምፓው መውረድ አለበት አለኝ። ፖምፓ ማስወረድ ቀላል ወጪ አይደለም፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ ወደ ጋሼ ወሰድኳት። አዳመጡኝ፣ ከዚያ ከመሣሪያ ሳጥናቸው አንድ ስንዝር የምትሆን የምታሳይ የፕላስቲክ ቱቦ አወጡና ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር መሐል ቀጠሏት። ሞተሩ ሲነሳ ጎንበስ ብለን አየን። ወርቅማው ናፍጣ ውስጥ ትንንሽ የአየር እንክብሎች፣ እንደ ጨሌ ተከታትለው ያልፋሉ።

ከታንከሩ የሚመጣው አሮጌ የጎማ ቱቦ ከማሰሪያው ሥር ተሰንጥቆ ነበር። ያ መስመር ናፍጣ የሚሳብበት እንጂ የሚገፋበት ስላልሆነ ስንጥቁ ናፍጣ አያንጠባጥብም፤ አየር ያስገባል። ሌሊት መኪናዋ ስትቆም ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ታንከሩ ይመለሳል፤ ማለዳ ፖምፓው ውስጥ የቀረው ሲያልቅ ትጠፋለች። እኔ መሬት ላይ ጠብታ ስፈልግ የከረምኩት ለዚህ ነው። አንድ አዲስ ቱቦና ሁለት ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ ከዚያ በእጅ ፖምፓው አየሩን ማውጣት፣ አለቀ። ያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም። አሮጌውን ቱቦ አልጣልኩትም፤ ስንጥቁ እስኪታይ ጎንበስ አድርጌ እየያዝኩ ለጓደኞቼ አሳያቸዋለሁ።

ስለጭሱ ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን የሰው ልጅ ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። የእኔ መኪና ጥላሸቱን የሚያስቀር ማጣሪያ ከመለመዱ በፊት የተሠራች ናት። ስለዚህ ጥቁር ጭስ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን፣ ቀጥሎ ኖዝሎቹን አስመረምራለሁ። ቆማም እንድትሞቅ አልተዋትም፤ ዘይቱ ሞተሩን እስኪያዳርስ ጥቂት ጠብቄ በዝግታ እነዳለሁ። ልጆች በሚጫወቱበት በኩል ሞተር አስነስቼ አልቆምም። የሚበቃ ጥንቃቄ ነው ብዬ ራሴን አላሳምንም፤ በእጄ ያለው ግን እሱ ነው።

ዛሬ ማለዳ ስትነሳ አንዱ ሲሊንደር ለአንድ አፍታ ዘገየ። ነጭ ጭሱ ከባለፈው ወር ትንሽ በዝቷል፤ ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። በቫልቮቹና በሚገፏቸው ብረቶች መሐል ያለው ክፍተት ጠብቦ ሊሆን ይችላል አሉኝ ጋሼ በስልክ፤ በእንዲህ ያለ ሞተር የቫልቭ መቀመጫ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ቫልቩም አጥብቆ መግጠም ያቅተዋል። ክፍተቱ የሚለካው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሊመጡ ተቀጣጥረናል። የቫልቮቹን ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ገዝቼ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጫለሁ። ዓርብ ማታ ካቆምኳት በኋላ ማንም እንዳያስነሳት ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ።