የአያቴ ስም በኤርፉርት

ለማስተርስ ትምህርት ጀርመን አገር፣ ኤርፉርት በምትባል ከተማ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ከጥቂት የክፍል ጓደኞቼ በቀር በገዛ ስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ፓስፖርታችን የራስንና የአባትን ስም በአንድ መስመር ጠቅልሎ የአያትን ስም «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሥር ስለሚያሰፍር፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ባንኩም፣ የጤና መድኅኑም በአያቴ ስም መዘገቡኝ። ደምቢያ ተወልደው ጎንደር ያረፉት መሪጌታ አያቴ፣ «ፍራው» የሚል የሴት መጠሪያ ከስማቸው ፊት ተቀጥሎላቸው በጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠሩ በሰማሁ ቁጥር ሳቄን ለመዋጥ እታገል ነበር።

ስሙ ግን ከማሳቁ በፊት አስለቅሶኛል። ዲግሪዬ ላይ ያለው ስም አባቴ ላይ ያበቃል፤ ፓስፖርቴ አያቴን ይጨምራል፤ የአባቴ ስም ደግሞ በአንዱ ወረቀት በአንድ «ኤስ»፣ በሌላው በሁለት «ኤስ» ተጽፏል። ወረቀቶቹ ሁሉ የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ሲልከኝ ከጎንደር አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ስለዚህ ምክር ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ስለ ውጤታችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት የስማችሁን ፊደል አመሳክሩ።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው ገንዘብ ነው። «ጀርመን ትምህርት በነፃ ነው» የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ ይቀበላል። ከዚህ የሚከብደው ግን ቪዛው ነው፤ በራሱ ወጪ የሚሄድ ተማሪ የአንድ ዓመት መኖሪያውን አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ አለበት። ከመስከረም 2024 ጀምሮ ልኩ 11,904 ዩሮ ሆኗል፤ ከዚያም ላይ በየወሩ ማውጣት የሚቻለው 992 ዩሮ ብቻ ነው። እኔ ስኮላርሺፕ ባላገኝ ኖሮ ቤታችን ተሸጦም አይሞላም ነበር።

የመጀመሪያ ፈተናዬን ውጤት ያወቅሁ ዕለት ለእናቴ ደወልኩላት።

«ስንት አመጣሽ?»

«አንድ ነጥብ ሦስት።»

ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች። ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አሞሽ ነበር እንዴ ልጄ?» አለችኝ። እዚያ ከፍተኛው ውጤት 1.0፣ ለጥቂት ማለፍ 4.0፣ መውደቅ ደግሞ 5.0 መሆኑን፣ ከጎንደር ይዤው የሄድኩት 3.6 እንኳ በእነሱ ስሌት ሲመነዘር 1.6 መሆኑን ብነግራትም አላመነችኝም። ለጎረቤት የነገረችው «ደኅና ናት» ብቻ ነው።

ነገር ግን ከወረቀቱም ከቁጥሩም ይልቅ የከበደኝ ሴሚናር የሚሉት ነገር ነው። አሥራ አምስት የማንሞላ ተማሪዎች በጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን፤ አንዱ አንድ ጽሑፍ አንብቦ ይመጣል፤ ከዚያ ክርክር ነው። ተራዬ ሲደርስ ደራሲው ያለውን ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው አንዲት ነጥብ ሳላስቀር አቀረብኩ፤ እዚህ እያለሁ የመምህሩን ሐንድአውት ሸምድጄ በፈተና ወረቀት ላይ መልሼ በማስፈር ነበር የተመረቅሁት። ፕሮፌሰሩ እስክጨርስ ጠብቀው፣ ጀርመንኛም እንደ አማርኛ «አንቺ»ና «እርስዎ» አለውና፣ በአያቴ ስም ጠርተውኝ፣ «ይህንንስ አንብበነዋል፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

የምለው አልነበረኝም። የሚገርመው፣ ጥያቄው በትክክለኛው ስም የቀረበ መስሎ ተሰማኝ፤ አያቴ ቢሆኑ መልስ አያጡም ነበር። እሳቸው በልጅነታቸው ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግበው፣ ጣናን ዞረው በእግር ጎጃም ዋሸራ የወረዱ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከውሻ ጋር እየተጋፉ ቁራሽ ይለምናሉ፤ ማታ ቅኔ ይቆጥራሉ። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ሲዘልቅ፣ የሚነግረው ቅኔ የራሱ መሆን አለበት። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም፣ የጓደኛን ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ነውር ነው። የኔታ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ካልሆነም ያፈርሱታል። እኔ በዘመናዊ ትምህርት ያጣሁትን ነገር አያቴ በጎጆ ውስጥ ተምረውት ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። (የቅኔ ቤቱን ረኃብና እከክ ግን አልናፍቅም፤ እሳቸውም አይናፍቁትም ነበር።) በሁለተኛው ሴሚስተር፣ ደራሲው የሳተበትን ቦታ አሳይቼ ስጨርስ ጓደኞቼ በጣቶቻቸው አንጓ ጠረጴዛውን አንኳኩ፤ የእነሱ ጭብጨባ እንዲያ ነው።

ከኤርፉርት በባቡር ግማሽ ሰዓት የማትሞላ ጎታ የምትባል ከተማ አለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1652፣ ጎንደር ከተቆረቆረች ገና በ16 ዓመቷ፣ አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በከተማዋ መስፍን ተጋብዘው እዚያ ተቀምጠው ነበር። የኤርፉርት ተወላጁ ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ አማርኛን የተማረው፣ ቀድሞ የጀመረውን ግእዝም ያጠለቀው ከእሳቸው ጋር ነው፤ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም ከዚያ ትምህርት የመጣ ነው። ቤተ መንግሥቱን ላየው የሄድኩት በኅዳር ብርድ ነበር። የጀርመን ተማሪ በኢትዮጵያዊ መምህር ፊት «ሀሁ» ሲል እያሰብኩ በግቢው ውስጥ ብዙ ቆየሁ።

ባለፈው እሑድ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሚማረው የጎረቤታችን ልጅ የማመልከቻ ቅጹን ይዞ ቤታችን መጣ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሣጥን ላይ ቆመ። አያቱን በ«አባባ» እንጂ በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ ሲጻፍም በ«አ» ይሁን በ«ዐ»፣ በላቲን ሲሆንም በምን ፊደል እንደሚጀምር ግራ ገባው። ደምቢያ ላሉት አባቱ ደወለና ድምፁን ክፍት አድርጎ ጠየቃቸው።

አባቱ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ምነው፣ አባባን ደግሞ ማን ፈለጋቸው?» አሉ።